ቅጠል በመወልወላችን ስለሸለሙን እናመሰግናለን

ለተከበሩ የአየር ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ከወንበርዎ ሳይነሡ ይድረስዎ

ጉዳዩ፦ ስለ ንቦቹ፣ ስለ ቅጠሎቹ እና ስለ ልጅ ልጄ ሳል

ክቡር ሆይ፤

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ ከሙሉ ጤና፣ ካልተቆራረጠ እንቅልፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከማያፏጭ ደረት ጋር እንድታገኝዎ ምኞቴ ነው። ጉዳይ ልጠይቅ መጥቼ ከቢሮዎ ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ በዋልኩባቸው ቀናት፣ በርዎ ገርበብ ባለ ቁጥር መስኮትዎ ወደ አትክልቱ በኩል እንደሚከፈት፣ ነጭ መጋረጃዎም እስከ ዛሬ ነጭ እንደሆነ ስላየሁ፣ ስለ እርስዎ ሳንባ ብዙም አልሰጋም። ይሁንና እኛ ሰፈር ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» ማለቱን ትቶ «ዛሬስ ትንፋሽ እንዴት ነው» መባባል ስለጀመረ፣ አፌ ለምዶብኝ ነውና ስለ ደረትዎ መጠየቄን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ስለ አጻጻፌም አስቀድሜ ልናገር። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው እኩያዬ «ተው እኔ ልጻፍልህ፤ ያንተ ፊደል እንደ ሽማግሌ ጥርስ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ነው» ቢለኝ፣ «ጥርሱም የራሴ፣ ፊደሉም የራሴ» ብዬው መጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በርና መስኮት ስገጥም የኖርኩ አናጢ ነኝ፤ የገጠምኩትን በር ሌላ ሰው መጥቶ አቃንቶልኝ አያውቅም፣ ደብዳቤዬንም እንዲያቃናልኝ አልፈልግም። የተጣመመ መስመር ካገኙ አንገትዎን ትንሽ ዘንበል አድርገው ያንብቡልኝ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን ሳልለያይ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ላኩልን እንግዶች።

ሰፈራችን ከብረት ማቅለጫው ፋብሪካ ጭሱ በሚነፍስበት በኩል ያለ በመሆኑ ከሁሉ ተመርጠን፣ ነጭ ቀለም የተቀቡ የንብ ቀፎዎች፣ በፕላስቲክ ባልዲ የተተከሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች፣ እንዲሁም በመረብ ከረጢት የታሰረ፣ ድንጋይና ግንድ ላይ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት በየግቢያችን ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። ያን ዕለት በሰፈሩ አዳራሽ ተሰብስበን ሳለ የመጣው ባለሙያ ብዙ ነገር አስረድቶናል አሉ። ንብ ከአበባ አበባ ስትዞር በሰውነቷ ይዛ የምትመጣው አቧራ ስለ አየሩ እንደሚመሰክር፣ ቅጠልም ከላይ የወረደበትን ሁሉ ይዞ እንደሚያቆይ፣ የድንጋይ ሽበት ደግሞ ሥር ስለሌለው ቀለቡን ከአየር ስለሚጠጣ፣ አየር ሲከፋ ከሁሉ ቀድሞ እንደሚሞት ተናግሯል አሉ። «አሉ» የምለው እኔ ራሴ ይህን የሰማሁት ነገር ካለፈ በኋላ ስለሆነ ነው። ባለሙያው የሚናገረው በገዛ ቋንቋችን ቢሆንም፣ ከመሀሉ የምናውቀው ቃል ሲያልፍ እንደ ዘመድ ተነሥተን ልንስመው ይዳዳን ነበር። ዝም ሲል አለቀ ብለን አጨበጨብን።

እኛ በዕለቱ የገባን ነገር አጭር ነው፦ ዕቃው የመንግሥት ነው፤ ማሩ አይነካም፤ በየወሩ እየመጡ ያዩታል። ጡረታ የወጣው ሾፌር ጎረቤቴ «ማሩ ለእነሱ፣ ጭሱ ለእኛ» ብሎ ሚስቱ በክርኗ ስትጎስመው ብቻ ነበር አዳራሹ ነቃ ያለው።

ሁለተኛ፤ ስለ አደራው።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት አደራ ከባድ ነገር ነው። የሰው ዕቃ ተረክቦ አቧራ አልብሶ መመለስ ነውር ነው፤ እንግዳ እንደሚመጣ እያወቁ ቤት ሳይጠርጉ መቆየት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ስንነሣ ያ ጥቁር ግራጫ ዱቄት የመንግሥት ቅጠል ላይ ተኝቶ ስናይ ምን እናድርግ? ወለወልነው። እኔ በእርጥብ ጨርቅ፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ሟች ባለቤቴ የብርጭቆ ቁም ሳጥኗን ስትወለውል እንደምትጠነቀቀው ተጠንቅቄ ወለወልኩት። ሾፌሩ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ባጠበበት እጁ በጎማ ቱቦ ውኃ ይለቅበት ነበር። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ ደግሞ ከሁላችንም በልጣ፣ የድንጋይ ሽበቱን ከነከረጢቱ በሳሙና አሽታ፣ አለቅልቃ፣ በልብስ ገመዷ ላይ በመቆንጠጫ አሰጣችው። «የእኔ ቅጠል እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፤ ያንተን ግን ሳየው ማበስ ነው የሚያምረኝ» እየተባባልን ተፎካከርን። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው በተባለ ዋዜማማ ሰፈሩ ሙሽራ የሚቀበል ነበር የሚመስለው።

እርስዎም ውለታችንን አልረሱትም። አዳራሽ አስጠርተው፣ ከየሰፈሩ ሁሉ የእኛ ሰፈር ቅጠል ከአቧራ የጸዳ ሆኖ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል ብለው የምስክር ወረቀት በገዛ እጅዎ ሰጡን። እጄን ሲጨብጡኝ «እንዲህ ያለ ንጹሕ ቅጠል በሥራ ዘመናችን አላጋጠመንም» አሉኝ። እውነትዎን ነበር። በአንድ በኩል ጭስ ማውጫው ቀን ከሌት የሚያጨስ፣ በሌላ በኩል ቅጠሉ የሚያበራ ሰፈር በዓለም ላይ የትም እንደማያጋጥም፣ እንደ እርስዎ ያልተማረ ሰው እንኳ ይጠረጥር ነበር። ግን የሚጠረጥር አልተገኘም፤ የሚያጨበጭብ እንጂ።

ሦስተኛ፤ ስለ ባለመቀሷ።

ቅጠሉን እየቆረጠች በነጭ ፖስታ የምትወስደውን የመሥሪያ ቤትዎን ወጣት ባለሙያ እኛ ባለመቀሷ ነው የምንላት። ዘወትር የምትመጣው በቀጠሮዋ ቀን፣ ቅጠሉ ተወልውሎ ካለቀ በኋላ ነበር። አንድ ጠዋት ግን በመንገዷ ሳትነግረን ጎራ ብትል፣ እኔን ከነጨርቄ፣ ልብስ ሰፊዋን ከነሳሙናዋ እጅ ከፍንጅ ያዘችን። «አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለችኝ። «አደራሽን እያጸዳሁ ነዋ ልጄ» አልኳት፤ እንዲያውም ደረቴን ነፋ አድርጌ ነው ያልኳት። መቀሷን መሬት አስቀምጣ፣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከአጥሩ ሥር ቁጭ አለች። እኔ ያመማት መስሎኝ ውኃ ላመጣላት ስጣደፍ፣ «እኛኮ የምንፈልገው ቆሻሻውን ነበር» አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር ሁሉ ቀስ ብላ። ልብስ ሰፊዋ «ኧረ በሞትኩት! ቆሻሻ ከፈለጋችሁ ምነው ቀድማችሁ ብትናገሩ፣ ሞልቶ የለ!» ብላ ሳቀች፤ ግን ተከትሏት የሚስቅ አላገኘችም፣ እሷም ሳቋን ከመሀል ቆረጠችው።

ባለመቀሷ ያን ቀን ቅጠሉን ትታ የወለወልኩበትን ጨርቅ ቆርጣ በፖስታ ወሰደች። ጨርቁ ምን ተናገረ ብዬ ወደ ቢሮዎ ብመጣ፣ ጨርቅ በመመሪያው ውስጥ ናሙና ተብሎ ስላልተጠቀሰ ሊመረመር እንደማይችል ጸሐፊዎ በትሕትና አስረዳችኝ። ባለመቀሷም ያለፈው ውጤት ሁሉ ይሰረዝና እንደ ገና ይለካ ብላ ብትጠይቅ፣ ጥሩ ውጤት አይደገምም ተብላ ወደ መዝገብ ቤት መዛወሯን ሰማሁ። ወጣቶችን ከአቧራ አርቀው አቧራ ወደሌለበት... ይቅርታ፣ መዝገብ ቤቱን አየሁት፣ እሱም አቧራ አለበት። ብቻ ለልጅቱ ስላሰቡላት እናመሰግናለን።

እኛም ከዚያ ወዲህ ጨርቃችንን ሰቀልን። ቅጠሉ ዱቄቱን ተሸክሞ ሰነበተ፤ ቀጥሎ ዳር ዳሩ እንደ ተተኮሰ ወረቀት ጠቆረ፤ ቀጥሎ መሀሉ ነጠብጣብ አወጣ፤ የድንጋይ ሽበቱም አረንጓዴነቱን ትቶ እንደ ሲጋራ አመድ ሲነኩት የሚረግፍ ሆነ። አሁን ገና እውነቱን ተናገረ ብለን ስንጠብቅ፣ ከእርስዎ ዘንድ አንዲት ፒክአፕ መኪና አዲስ ተክል ጭና መጣች። የታመመ ተክል ናሙና ለመሆን ብቁ አይደለምና ይነሣል ተባልን። አየሩ እንዳያሳምም የሚጠብቅ ተክል ሲታመም ከሥራ የሚሰናበት ከሆነ፣ ክቡር ሆይ፣ ቀሪው ምን ሊነግረን ነው የሚቀመጠው? ሌላው ሁሉ ባልዲውን አስረከበ። እኔ የእኔን አልሰጥም አልኩ። ሠራተኞቹ «አባባ፣ የመንግሥት ንብረት ነው» ቢሉኝ «የመንግሥት ንብረት ስለሆነማ ነው የምጠብቀው» ብዬ በሩ ላይ ወንበሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። በዚህ ምክንያት ሊከሱኝ ቢያስቡ፣ አድራሻዬ አልተለወጠም።

አራተኛ፤ ይህ ስለ መኪናዎ ነበር። ልጄ «እባክህ አባዬ፣ እሱን አውጣው» ስላለችኝ አውጥቼዋለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ንቦቹ።

ንቦቹን መጀመሪያ ፈርቻቸው ነበር። ኋላ ግን ተላመድን፤ እነሱም እኔን እንደ አሮጌ ግንድ ቆጥረውኝ ነው መሰለኝ እጄ ላይ አርፈው ይነሡ ጀመር። ፋብሪካው እሳቱን ባባሰ ሰሞን ከቀፎው አፍ ሥር ተረፍርፈው አገኘኋቸው፤ አንዳንዶቹ መሬት ላይ እንደ ሰካራም ይሽከረከራሉ፣ መብረር ሲሞክሩ በጎናቸው ይወድቃሉ። ለጽሕፈት ቤትዎ ባመለክት ንብ አርቢው አዲስ መንጋ በሣጥን ይዞ መጣና የሞቱትን ጠርጎ፣ አዲሶቹን አስገብቶ ሊሄድ ሲል «ምን ገደላቸው?» ብዬ ብጠይቀው «አባባ አይጨነቁ፣ ንብ መተኪያ አለው» አለኝ። ከዚያም ደጋግመው ሞቱ፣ ደጋግሞ ተካ።

በዓመቱ ሪፖርትዎ ላይ ግን «ሁሉም ቀፎዎች በሕይወት ይገኛሉ» የሚል ልጄ አነበበችልኝ። ቀፎ እንጨት ነው፣ ክቡር ሆይ። እንጨት እንደማይሞት እኔ አናጢው ነፍሴን አስይዤ እመሰክርልዎታለሁ። የሞቱት ውስጡ የነበሩት ናቸው።

ስድስተኛ፤ ስለ ሰሌዳውና ስለ አዲሱ ጭስ ማውጫ።

እኛ በወለወልነው ቅጠልና በተተኩት ንቦች ምስክርነት ፋብሪካው በበሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አቁሟል። ፈገግ ያለች ንብ ተሥላበት «አየራችን ንጹሕ ነው፤ ንቦች ይመሰክራሉ» ይላል። ሠዓሊው ጥርስ ሠርቶላታል፤ ጥርስ ያላት ንብ አይቼ አላውቅም፣ ግን የሚስቅ ሁሉ ጥርስ ያስፈልገዋል። ይኸው ምስክርነት ታይቶም ፋብሪካው ሌላ ጭስ ማውጫ እንዲጨምር በእርስዎ ፊርማ ተፈቅዶለታል። ግንቡ አሁን ከልብስ ሰፊዋ ጣሪያ በላይ አልፏል፤ የእሷ ግቢ ከቀትር በኋላ ጥላ ስላገኘ ለጥላውም እናመሰግናለን። እኛን ሰዎቹን እንድንመሰክር ማንም አልጠየቀንም። ንብ ያልተናገረችውን ተናገረች ተብሎ ሰሌዳ ሲጻፍላት፣ እኛ የተናገርነው ግን «የነዋሪ ስሜት» ተብሎ ታለፈ።

ሰባተኛ፤ ስለ ሚጢጢ።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም። ይህን ግን ተቀምጠው ያንብቡልኝ።

ሚጢጢ የልጄ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር እኔ ዘንድ ነው የሚኖሩት። ስሟ ሌላ ነው፣ ግን ትንሽ ሆና ስለተወለደች እንዲሁ ቀረባት። ሳሉ ሲጀምራት ጉንፋን አልነው። ሲቆይ ጉንፋን መሆኑን ተወ። አግድም መተኛት ትታ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ተቀምጣ ታድራለች። መዝሙር ጀምራ ከግማሽ ላይ አቁማ፣ ቀሪውን በእጇ እያጨበጨበች ትጨርሰዋለች። የሰፈሩ ልጆች ሲሯሯጡ እሷ መሮጥ ስለማትችል ዳኛ አድርገዋታል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማን እንደቀደመ ትፈርዳለች። «አባባ፣ ዛሬም ዳኛ እኔ ነኝ» ብላ ስትነግረኝ ደስ ብሏት ነው፤ እኔ ነኝ ፊቴን የማዞረው።

እናቷ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም። ደረቷን አዳምጦ፣ ደህና አድርጎ ጠይቆ፣ ከዚያ የእርስዎን ሪፖርት ከመሳቢያው አውጥቶ አየ። የሰፈራችሁ አየር ንጹሕ መሆኑ ተረጋግጧል፣ ስለዚህ የሚያሳስላት ከቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው አለ። ምን ያድርግ፤ ያለው እርስዎ የሰጡት ወረቀት ነው።

ስለዚህ ከቤት ውስጥ ያለውን ነገር ማውጣት ጀመርን። መጀመሪያ የወጣችው ድመቷ ናት፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ለልብስ ሰፊዋ ሰጠናት። ድመቷ ግን ቤቷን የምትረሳ ስላልሆነች በየጠዋቱ መስኮታችን ላይ ከውጭ ትቀመጣለች፣ ሚጢጢ ከውስጥ ሆና በመስታወቱ ታዋራታለች። ሳሉ አልሄደም። ቀጥሎ የሱፍ ብርድ ልብሱ ወጣ፤ ባለቤቴ ያረፈችበት ብርድ ልብስ ነበር፤ ይሁን አልኩ። ሳሉ አልሄደም። ቀጥሎ ምንጣፉ። ቀጥሎ የእኔ የእንጨት ሥራ ወጣ፤ የመላጊያው ብናኝ ይሆናል ተብሎ፣ በግቢዬ ጥግ የነበረችውን የሥራ ቤቴን ዘጋሁ፣ መጋዜንና መላጊያዬን ለሾፌሩ ልጅ ሰጠሁ። በዚህ ዕድሜዬ እጄን ያለ ሥራ ማስቀመጥ ከመታመም አያንስም፤ ግን ለእሷ ከሆነ ምንስ ቢሆን። መስኮቶቹንም እንደ ገና ነቅዬ ገጠምኳቸው፣ ክፍተቱን በጨርቅ ወተፍኩት፤ ጠዋት ስነሣ ዱቄቱ ከመስኮቱ ደፍ ላይ በውስጥ በኩል ተኝቶ ይጠብቀኛል። በሩን ሳያንኳኳ በምን በኩል እንደሚገባ ያልገባኝ እንግዳ ይህ ብቻ ነው።

ልጄ አንድ ቀን ባዶውን ክፍል ዞር ዞር ብላ አየችና «አባዬ፣ ከዚህ ቤት የሚወጣ ምን ቀረ?» አለችኝ። የቀሩት ሰዎቹ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ያን የተወለወለ ውጤት ሰርዘው፣ ተክሉንም ንቡንም በቦታው ትተው፣ ሲታመምም ሲሞትም ሳይተኩ እንደ ገና ያስለኩልን። እስኪለካ ድረስ አዲሱ ጭስ ማውጫ እሳት አይለኮስበት። ለጤና ጣቢያውም ሐኪም አንዲት መስመር ይጻፉለት፦ የዚህ ሰፈር አየር ንጹሕ ነው ያልነው ተሳስተን ነው ይበሉት። እሱ ያን ወረቀት ካገኘ መድኃኒቱንም ምክሩንም እንደሚለውጥ ነግሮኛል። ባለመቀሷንም ከመዝገብ ቤት ያውጡልን፤ ስትመጣ የሚቀበላት ጨርቅ የለም፣ ቅጠል ግን አለ።

የእርስዎ መሥሪያ ቤት የመተካት ልማድ እንዳለው አይቻለሁ። ንብ ሲሞት ሌላ ንብ፣ ተክል ሲጠወልግ ሌላ ተክል፣ ባለሙያ እውነት ስትናገር ሌላ ባለሙያ ይመጣል። ለሚጢጢ ግን መተኪያ የሚጭን ፒክአፕ የትም አልተሠራም።

ልጄ ልጇን ይዛ ወደ ባሏ እኅት ቤት፣ ራቅ ወዳለ ከተማ ልትሄድ ወስናለች። እኔንም «አብረን እንሂድ፣ እልህህን ተወው» ብላ ለምናኛለች፤ በመጨረሻም ተቆጥታ «አንተ እንደ ሆነ ከበርህ በላይ የምትወደው የለህም» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሚናገርህ የሚወድህ ሰው ብቻ ነው። እኔ የምቀረው ግን ለቤቱ ብዬ አይደለም። እኔም ከሄድኩ ያች ባልዲ ትነሣለች፤ ያች ባልዲ ከተነሣች ደግሞ በዚህ ሰፈር ጭሱን የሚያስታውስ አንድ ቅጠል አይቀርም፣ ሚጢጢም ወደ ቤቷ የምትመለስበት ምክንያት አይኖርም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በተመቸዎ ቀን ራስዎ መጥተው እንዲያዩልኝ በአክብሮት እጋብዛለሁ። እንግዳ ነዎትና ቤቴን ጠርጌ፣ ወንበር አውጥቼ፣ ንጹሕ ሸሚዜን ለብሼ እጠብቅዎታለሁ። ቅጠሉን ግን አልነካውም።

ከታላቅ አክብሮትና ከአጭር ትንፋሽ ጋር፣
ሥራ የፈታ አናጢ፣ የተሸላሚው ሰፈር ተሸላሚ ነዋሪ፣ የሚጢጢ አያት፣
እስከ ዛሬም የመንግሥት አደራ ጠባቂ

ግልባጭ፦
– ለብረት ማቅለጫው ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ (ቤታቸው ነፋሱ ከሚነሣበት በኩል ስለሆነ ወረቀቱ ሳይጠቁር ይደርሳቸዋል)
– ለጤና ጣቢያው ሐኪም፣ ለመሳቢያቸው
– ለባለመቀሷ፣ መዝገብ ቤት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳልልክ እናትና ልጅ ሄዱ። ሚጢጢ በአውቶቡሱ መስኮት ስታየኝ አላለቀሰችም፤ እኔም እንዳታይብኝ ኮፍያዬን ዝቅ አደረግኩ። ከደረሱ በኋላ እናቷ ደውላ፣ ልጅቷ ከስንት ጊዜ በኋላ በጎኗ ተጋድማ እንደተኛች፣ ትተነፍሳለች ወይ ብላ እሷ ራሷ ደጋግማ እየተነሣች ደረቷ ላይ ጆሮዋን እንደጣለች ነገረችኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ወጥቼ ወደ ጭስ ማውጫው ቀና ብዬ አየሁ፤ ሲያሳስላት የነበረው ነገር ከቤቴ ውስጥ ያለ ሳይሆን እዚሁ ሰማይ ሥር ያለው መሆኑን ከዚህ በላይ የሚነግረኝ ላቦራቶሪ የለምና። ቀጥላ ሚጢጢ ስልኩን ተቀበለቻትና «አባባ፣ እዚህ አየሩ ምንም አይጣፍጥም፤ ጣዕሙን ማን ወሰደው?» አለችኝ። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናትና፣ አየር ሁሉ አፍ ውስጥ እንደገባ ሳንቲም የሚጎመዝዝ ይመስላት ኖሯል። ጥያቄዋን ለሚመለከተው ክፍል እንደማስተላልፍላት ነግሬያታለሁ።